ለካፒቴኑ የተቀመጥነው ለቅሶ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሄርሜላ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ለፈተና እንዳጠና ፍቀጂልኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ቤቱን ሳላይ፣ እናትየዋን ሳላነጋግር ልጄን የትም አልልክም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቢሆንም። የማለዳ ሺፍቴን ጨርሼ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ከኖርዝ ላስ ቬጋስ ሎን ማውንቴን የሚባለው ሰፈር ድረስ ነዳሁና በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ አብሬያት ገባሁ። ቤተሰቡ ህንዶች ናቸው። እናትየዋ ጫማችንን እስክናወልቅ ፈገግ ብላ ጠበቀችን። መግቢያው ግድግዳ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል። ዙሪያውን በክር የተሰካ ብጫ አበባ ተንጠልጥሎበታል፤ ከሥሩ ትንሽ መብራት ይበራል። ሄርሜላ ክንዴን ያዝ አደረገችና በጆሮዬ፣ «ማሚ፣ ሰው ሞቶባቸው ነው እንዴ? ሶሪ ልበላቸው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። በሰው ቤት፣ በሰው አያት ፎቶ ፊት፣ ከንፈሬን ነክሼ እንደምንም ዋጥኩት። አበባ የተንጠለጠለበት ፎቶ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ከልጄ በጣም አንሼ ሳለሁ ነው የተማርኩት። የተማርኩትም ብቻዬን አልነበረም፤ ከነሰፈሬ፣ ከነእድራችን ነበር።

ያደግሁት ዝዋይ ነው። የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል፣ ያኔ ህንድ አስተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት አይገኝም ነበር። የእኛው ሚስተር ራጋቫን ይባል ነበር፤ ሂሳብና እንግሊዝኛ ያስተምረናል። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ጸጉሩ በቅባት የሚያበራ ሰው ነው። ክፍል ሲገባ የኮኮናት ቅባቱ ሽታ ከጠመኔው አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ዛሬም ያ ሽታ ሲነካኝ የማባዣ ሰንጠረዥ ትዝ ይለኛል። መልሳችን ትክክል ሲሆን ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል። እኛ ደግሞ እንቢ ያለን መስሎን የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ትክክለኛ መልሳችንን ስንሰርዝ ከረምን።

የመጣው ከደቡብ ህንድ፣ ባህር ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም ምላሳችን ስላልቻለው «የባህሩ ከተማ» እንላት ነበር። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ መጽሐፉን ይዘጋና፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ያወራልናል። ሦስት ነበሩ። አንደኛው ካፒቴን ነው። አንድ ቀን ማዕበል ተነስቶ ዓሣ አጥማጆቹ የብሱ የት እንዳለ ጠፋባቸው። ካፒቴኑ ኮረብታ ላይ ያለችውን የሣር ጎጆውን በገዛ እጁ አቃጠላት፤ እሳቷን አይተው ሁሉም ወደ ዳር ወጡ። ሁለተኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሴት ልጅ ፊደል አትማርም በሚባልበት ጊዜ በረንዳዋ ላይ አሸዋ አፍስሳ፣ ልጃገረዶቹን በጣታቸው አሸዋው ላይ እያስጻፈች አስተማረች። ሦስተኛው ከበሮ መቺ ነው። እሱ መምታት ሲጀምር ሰው ሁሉ ከምግቡ ላይ እየተነሳ ስለሚሄድ በከተማዋ ትኩስ ምሳ የበላ ሰው አልነበረም ይለናል።

አንድ ዓርብ ደግሞ በተራው ጠየቀን። የዝዋይ ታላቅ ሰው ማን ነው አለን።  ከመካከላችን አንዱ «ጋሽ ቱፋ» አለ፤ ሰው የሚያህል አምባዛ ከሐይቁ ያወጣ ዓሣ አጥማጅ ነውና። ሚስተር ራጋቫን ራሱን ወዘወዘ፤ በዚያን ጊዜ ትርጉሙን አውቀን ስለነበር ደስ አለን።

ደብተራችንን ለእርማት ቤቱ ድረስ ስለምንወስድ የሦስቱንም ሰዎች ምስል አይተነዋል። የሴትየዋና የከበሮ መቺው ፎቶ ነው፣ የካፒቴኑ ግን በእጅ የተሣለ። ከሥዕሎቹ ሥር ሚስቱ ትቀመጣለች። ማዳም ነበር የምንላት። አማርኛ አታውቅም፤ እሱ ሥራ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ትውላለች። የሰፈሩ ሴቶች ክፉ ሆነው አይደለም የማይገቡት፤ በምን ቋንቋ ደህና ዋልሽ እንደሚሏት ጨንቋቸው ነው። እሷ በመስኮት ሐይቁን ታያለች፤ እነሱ በመንገድ ሲያልፉ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ሰላም ይሏትና ይሄዳሉ።

አንድ ዓርብ ሚስተር ራጋቫን ስለ ማንም ሳያወራልን ቀረ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ፣ ማዳም ብቸኝነቱ እንደበረታባት ነገረን። ዳይሬክተሩም አባቶቻችንን ሰብስቦ ለአምስተኛ ክፍል ሌላ አስተማሪ እስኪመጣ ልጆቹ ቤታቸው ይጠብቁ አላቸው። አባባ ይህን ሰምቶ መጣና፣ እስከዚያ እናቷን ታግዝ አለ። አባባ መጥፎ ሰው አልነበረም። ግን እኔ «እስከዚያ» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ታላቅ እህቴም እስከዚያ ተብላ ነው ቤት የቀረችው፤ እስከዚያ ሲባል ባል መጣላት። እኔ ደግሞ ክፍልፋይ ገና መጀመሬ ነበር፤ መደመሩን ችዬ መቀነሱ ላይ ደርሻለሁ።

ስለዚህ እኛ ሴት ልጆች መከርን። ማዳም ደስ ካላት አትሄድም አልን። ማን እንደጀመረው አላስታውስም፣ ጠዋት ጠዋት በየተራ ከየጓሯችን ቲማቲም እየቀጠፍን በሯ ላይ አስቀምጠን መሮጥ ሆነ ሥራችን። የእኔ እናት ቲማቲሟን የምታውቅ ሴት ናት። ጠየቀችኝ፤ መዋሸት አልሆነልኝም፤ አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኳት። እማዬ ቅዳሜ ጠዋት ወተት በጠርሙስ ሞልታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ነይ እንሂድ አለችኝ። ቋንቋ ባይኖርም ወተት ይናገራል ብላ ነው።

ደረስን። በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ የምግብ ሽታ የለም፤ እሳት አልነደደም። የካፒቴኑ ሥዕል ላይ ብጫ አበባ በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የነሐስ ኩራዝ ይበራል። ሚስተር ራጋቫን ጢሙን ሳይላጭ፣ በባዶ እግሩ ቆሟል። ማዳም ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላለች። የለበሰችው ነጭ ነው፤ ወርቅማው ጥለት ፊቷ ዙሪያ እስኪመጣ ድረስ ራሷ ላይ ስባዋለች። ዓይኗ ቀልቷል። የእኛ ሴት ሐዘን ላይ ነጠላ የምታደርገው ልክ እንደዚያ ነው፣ ጥለቱን ወደ ፊት።

እማዬ ወተቱን ደፉ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ገለበጠች፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አመጣችው፣ ገባች፣ ማዳም አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም ካፒቴኑ ሞተ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ካፒቴኑ መቼ እንደኖረ ሚስተር ራጋቫን ነግሮን አያውቅም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ትገባለህ፣ ታለቅሳለህ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብለህ ትቀመጣለህ፤ ነገሩ ቀስ ብሎ ከጎን ይሰማል። ስለዚህ እማዬ ሳትጠይቅ ወጣች፤ በቀጥታ የሴቶቹ እድር መሪ እትዬ ዘነበች ቤት ሄደች። እትዬ ዘነበች ሰምተው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አባል ያልሆነ ሰው ቤት ድንኳን ይተከላል ወይ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር አሉ። የእድሩ ዳኛ ያው ጋሽ ቱፋ ነው፤ ባህር ተሻግሮ መርዶ የመጣበት ሰው አባል ነው አይደለም አይባልም ብሎ ቆረጠው። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ሴቶቹ ንፍሮና ምስር ወጥ ይዘው ገቡ።

ባልና ሚስቱ ምን እንዳሰቡ የሰማነው በኋላ ነው። በነሱ አገር ደግሞ እንግዳን ለምን መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ንፍሮውን ስታይ ማዳም ልቧ ዘለለ፤ በሷ ከተማ የተቀቀለ ሽምብራ የሚታደለው በበዓል ቀን ነው። የዚህ አገር በዓል ዛሬ ነው ማለት ነው፣ ጎረቤት ሁሉ እኛን ሊያከብር መጣ ብላ አመነች። ጓዳ ገብታ በስኳርና በወተት ጣፋጭ ነገር ሠራችና፣ ዓይኗ እያበራ፣ ለቀስተኛውን በየተራ አስተናገደች።

ለቅሶ ላይ ጣፋጭ ሲታደል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዎቹ ተቀበሏት፤ ምን ያድርጉ። ጋሽ ቱፋ ላለማስቀየም ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ እዚያው ቀልጦ ኪሱን አጣበቀው። ሚስተር ራጋቫንን እግዜር ያጽናህ ሲሉት ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል፤ ሽማግሌዎቹም አዬ፣ ምን ያህል ቢጎዳ ነው ይላሉ። እኛ ልጆቹ ድንኳኑ ጥግ ላይ እርስ በርስ አንተያይም፤ ከተያየን ሳቅ ሊያመልጠን ነው።

ሴቶቹ ግን በማዳም ፈገግታ ደነገጡ። ሐዘን ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል ተባባሉ። እትዬ ዘነበች ተነስተው ሣህኑን ከእጇ ተቀበሏትና፣ ጎትተው አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አደረጉት። «አልቅሺ ልጄ፣ አፍነሽ አትያዥው» አሏት።

ማዳም ቃሉ አልገባትም። ነገር ግን አገሯን ከለቀቀች ጀምሮ እንዲያ አድርጎ ያቀፋት ሰው አልነበረም። እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሴቶቹ እፎይ አሉ።

እስከ ሰልስቱ ድረስ በየተራ አብረዋት ዋሉ። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ጸጉሯን ትሠራላታለች፣ እሷም የነሱን ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማዳም ደጃፉ ላይ በነጭ ዱቄት አበባ የመሰለ ነገር ትሥላለች። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ መርገጥ ግን ደስ አይልም። የእድሩ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው እንደ ፍየል እየዘለሉ ሲገቡ ማየት ነበር።

በሰልስቱ ቀን ነገሩ መጣ። ሟች ሳይሞገስ ድንኳን አይነሳም፤ ሙሾ የሚያወርዱት ደግሞ እትዬ ዘነበች ናቸው። ለሙሾ ስምና ሙያ ያስፈልጋል። ጋሽ ቱፋ ዞር ዞር ብሎ አየና እኔን ጠራኝ። «ነይ አንቺ፣ እንግሊዝኛ ትችያለሽ። የሟቹን ስምና ሙያ ጠይቂልን» አለኝ። ሄጄ ጠየቅሁት። ሚስተር ራጋቫን የትኛው ሟች አለኝ። በተከፈተው በር በኩል ሥዕሉን አሳየሁት።

ሥዕሉን አየ። ከዚያ ድንኳኑን አየ፣ ጥለታቸውን ፊታቸው ላይ ያደረጉትን ሴቶች አየ፣ ንፍሮውን አየ። ሲገባው ከፊቱ ይታይ ነበር። ያን ቅዳሜ ካፒቴኑ የሞተበትን ቀን እንደየዓመቱ ጾመው እያሰቡ እንደነበር፣ ሚስቱ ቀይ ዓይን የነበራትም አገሯ ናፍቋት እንጂ ሰው ሞቶባት እንዳልሆነ አሁን ምን ብሎ ይናገር? ወደ ሰዎቹ ዞረና ባለችው አማርኛ፣ «እሱ የሞተው የኔ አያት አባት ትንሽ ልጅ እያለ ነው» አለ።

 እኔ በልቤ አለቀ አልኩ። ሰዎቹ ይቀየማሉ፣ ማዳም ታፍራለች፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እንኳ ሳይጠብቁ ነገ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ እኔም እስከዚያ ቤት እገባለሁ። አባባን ፈልጌ አየሁት፤ እሱም መሬት መሬት ያያል።

እትዬ ዘነበች ማዳምን ትክ ብለው አዩና፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ያስተዛዘናቸው ሰው አልነበረማ» አሉ።

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ ቱፋ ግን አልሳቀም። ምን ሠርቶ ነው እስከ ዛሬ የሚያስቡት ብሎ አስጠየቀኝ። ሚስተር ራጋቫን የጎጆዋን ታሪክ ተናገረ፣ እኔ ተረጎምኩ፤ የጎደለኝን ቃል በእጄ አሳየሁ። ጋሽ ቱፋ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ የሚነሳውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ወንድሙ እዚያው ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ባርኔጣውን አወለቀ። ቤቱን ራሱ አቃጠለው ወይ ብሎ ደግሞ አስጠየቀኝ። አዎ አለ። «በሉ አልቅሱለት፤ ይህስ ሰው ነው» አለ ጋሽ ቱፋ።

እትዬ ዘነበች ተነሱ። ድምፃቸው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«የሰው ልጅ ከማዕበል ይውጣልኝ ብሎ፣
ሜዳ ላይ አደረ ጎጆውን አቃጥሎ።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ባህር አይተው የማያውቁ ሰዎች የባህሩን ከተማ ካፒቴን ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱት። ሲጨርሱ እትዬ ዘነበች ቀና ብለው ሁለቱን ፎቶዎች አዩና እነዚህስ አሉ። ሚስተር ራጋቫን እነሱም እንደሞቱ ነገራቸው። እንግዲያው ሰው ከተሰበሰበ አይቀር ለነሱም ሙሾ ይውረድላቸው ተባለ። ስለ በረንዳዋ አስተማሪ ሚስተር ራጋቫን ገር፣ ለስላሳ ሴት ነበረች እያለ ሲያወራ፣ ማዳም ድንገት በቋንቋዋ አቋረጠችው። ባሏ እየሳቀ ተረጎመው፤ የሴትየዋ ልጅ እሷን ራሷን አስተምራታለች፣ እናትም ልጅም ጆሮ ቆንጣጮች ነበሩ እያለች ነው። ሴቶቹ እንግዲያ እንደኛው ሰው ናት ብለው ሳቁ። የከበሮ መቺው ተራ ሲደርስ ጋሽ ቱፋ የእድሩን ብረት ድስት ገልብጦ መታለት። በዚያን ጊዜ የሚያለቅሰውንና የሚስቀውን ሰው መለየት አይቻልም ነበር። ማዳም ሁለቱንም ታደርግ ነበር።

ድንኳኑ ሲፈርስ እትዬ ዘነበች የማዳምን እጅ ያዙና እኔን ንገሪያት አሉኝ። «ለቅሶ ብድር ነው። ሰው ሁሉ ደርሶልሻል፤ አሁን አንቺም ትደርሻለሽ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሐዘን አለ፣ ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ።» እኔ እንደሆነልኝ አድርጌ በእንግሊዝኛ ለባሏ ነገርኩት፣ እሱ ለሷ። ማዳም ስንት ቤት ነው የምመልሰው ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘነበች በእጃቸው ከተማውን ሁሉ አሳዩዋት።

በማግስቱ ማዳም ነጭ ልብሷን ለብሳ ወፍጮ ቤቱ ጋ ለቅሶ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ያላትን ቀን በሙሉ በብድር መመለስ አሳለፈችው ማለት እችላለሁ። ለቅሶ፣ ክርስትና፣ አራስ ጥየቃ፤ ሴቶቹ መሃል ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ ታያታለህ። አማርኛውን ከለቅሶ ስለጀመረች መጀመሪያ የቻለችው ቃል እግዜር ያጽናችሁ ነው፤ ሱቅ ገብታ ስኳር ስትገዛም ትለው ነበር። ሴሚስተሩ አለቀ፤ ሻንጣዎቹ አልጋ ሥር ገቡ። ባሏ መቼ ነው የምንሄደው ሲላት ብድሬ አላለቀም ትለዋለች አሉ። አባባም ስለ «እስከዚያ» ዳግመኛ አላነሳም።

አምስተኛንና ስድስተኛን ከሚስተር ራጋቫን ጋር ጨረስኩ። ሰባተኛ ላይ አባባ ታመመና ትምህርቴ እዚያ ቆመ። ያለኝ ይኸው ነው። ግን በዚያችው እንግሊዝኛ እዚህ አገር መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ በዚያችው ክፍልፋይ የሄርሜላን የቤት ሥራ እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ ቼክ አድርጌላታለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን እሷ ትወቀው።

ያን ቅዳሜ ማታ ከጓደኛዋ ቤት ስወስዳት መኪና ውስጥ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቀና አለችና፣ «ቆይ ማሚ፣ ማንም ቼክ አላደረገም? ጀስት ገቡ?» አለችኝ። ማንም ቼክ አላደረገም አልኳት። ጀስት ገቡ።

እዚህም ለቅሶ እንደርሳለን፣ እግዜር ይመስገን። ግን መጀመሪያ የስልክ ግሩፑ ላይ ይጻፋል፣ ማን ከሥራ እንደሚወጣ ይታያል፣ አድራሻው ይላካል፣ በር ላይ ሆነን ደውለን ነው የምንገባው። የማላውቃት የጎረቤቴ በር ላይ አምቡላንስ ቢቆም ደግሞ እኔው ራሴ በመጋረጃ ሥር አያለሁ እንጂ አልወጣም፤ ምን አገባኝ፣ ምን ልበላት እላለሁ። የዝዋይ ሴቶች በመንገድ ሲያልፉ አንገታቸውን ደፋ ያደርጉ እንደነበረው ማለት ነው፤ እማዬ ወተት ይዛ ከገባችበት ቅዳሜ በፊት።

ሄርሜላ በመጪው መኸር ሌላ ስቴት ኮሌጅ ትገባለች። ሰው የማታውቅበት ከተማ ነው። የዶርሙን በር አጠያይቄአለሁ፣ የአውቶቡሱን መንገድ አይቼዋለሁ፣ ብርድ ልብሷን ከአሁኑ ገዝቼአለሁ። ማጣራት የምችለውን ሁሉ አጣርቻለሁ፤ አባቷ አበዛሽው ይለኛል። የቀረውን ማጣራት አይቻልም። አንድ ቀን ብቻዋን በመስኮት ስታይ፣ ሳትደውል፣ ማን ሞተ ብላ ሳትጠይቅ፣ ተሳስታም ቢሆን ገብታ አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት ሴት እግዜር ይስጣት።